ከቆሼ ጎን ያለው የሐንሰን ቤት

ቆሼ ሲባል አብዛኛው አዲስ አበቤ መጀመሪያ ትዝ የሚለው የቆሻሻው ተራራ ነው። ቀጥሎም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ያ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን የቀበረበት ሐዘን ይታወሰዋል። ሐዘኑ ሊረሳ አይገባም። ይሁን እንጂ የከተማው ቆሻሻ ወደዚያ መጓጓዝ ከመጀመሩ ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ቀደም ብሎ ሰፈሩ ሌላ ታሪክ ጀምሮ ነበር። ከቆሼ ብዙም ሳይርቅ በዘነበወርቅ በኩል የአለርት ሆስፒታል አለ፤ በዚያው ግቢ ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም። የሰው አካል ከሥጋ ደዌ ጋር እንዴት እንደሚታገል ዓለም ዛሬ ከሚያውቀው ውስጥ ጥቂት የማይባለው የተገኘው እዚህ ነው። ይህ ዕውቀት ሊገኝ የቻለው በዋነኛነት በሰፈሩ ሕሙማን መቆየት ነው ብዬ አምናለሁ። ምሁራኑ የመጡት ሕሙማኑን ተከትለው ነው፤ ሕሙማኑ ደግሞ ወደዚያ የመጡት ሌላ መሄጃ አጥተው ነው። የሰፈሩ ታሪክ ሲጻፍ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ የለበትም።

በአገራችን ሥጋ ደዌ ለረጅም ጊዜ በዘር የሚወርድ በሽታ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ሰው ልጁን ሲድር የወዲያኛውን ወገን የሚያጠያይቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበሎችም ዜማውን ካቋረጥን ደዌው ይይዘናል ብለው ያምኑ እንደነበር ይነገራል፤ ይህም ከዚሁ የዘር እሳቤ ጋር የተያያዘ ነው። ደዌው በአካሉ ላይ የታየበት ሰው ከቤት ይወጣል፤ ጸበል፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም የከተማ ጎዳና መኖሪያው ይሆናል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በሐረር የሕሙማን መጠለያ ከፈቱ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ደግሞ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን በሐኪሙ ቶማስ ላምቢ መሪነት ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በዚያን ጊዜ ከከተማው ውጭ በነበረ ቦታ፣ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አቋቋመ። ስሙም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ፣ ተሰየመ። ሕክምናውን ፈልጎ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ የመጣ ሰው ሕክምናው ሲያበቃ ወደ ትውልድ ቀዬው አይመለስም ነበር፤ ቢመለስም የሚቀበለው አልነበረም። እናም በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ፣ እንደ እሱው የታመመች ሴት አገባ፣ ልጆች ወለደ። ሰፈሩ እንዲህ አደገ።

የዘር እሳቤው የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ይህን ማወቅ ለነገሬ ይጠቅማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኖርዌይ የባሕር ዳርቻ ሥጋ ደዌ ተስፋፍቶ ነበር፤ የምርምሩም ማዕከል የበርገን ከተማ ነበረች። የዚያ ምርምር አባት የሚባለው ዳንኤል ዳኒየልሰን እ.ኤ.አ. በ1847 ከባልደረባው ካርል ቦክ ጋር ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ በሽታው በዘር ይተላለፋል ብሎ ነበር። ዳኒየልሰን ሐኪም ብቻ ሳይሆን የባሕር እንስሳት ተመራማሪም ነበር። የበርገንን ሙዚየም መርቷል፤ ከ1876 እስከ 1878 (እ.ኤ.አ.) ሰሜን አትላንቲክን ባሰሰው የኖርዌይ ጉዞም ተካፍሏል። በሆስፒታሉ ረዳቱ፣ በኋላም አማቹ የሆነው ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን በሁለቱም ሙያ ፈለጉን ተከተለ፤ ከዚያ ጉዞ የተሰበሰቡትን የባሕር ትሎች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ያሳተመው እሱ ነው። በበሽታው መንስኤ ግን ከአማቱ ተለየ። ኖርዌይ ከ1856 (እ.ኤ.አ.) ጀምራ ሕሙማንን በመዝገብ ትይዝ ስለነበር ሐንሰን በሽታው በየመንደሩ እንዴት እንደሚታይ መከታተል ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1873 ከሕሙማን እባጭ በወሰደው ናሙና ውስጥ በትር መሳይ አካላት አየ፤ የበሽታውም መንስኤ እነሱ እንደሆኑ ተናገረ። ቀለም ሳይነካው፣ ስስ ሥጋን በብርሃን ፊት ዘርግቶ በትዕግሥት የማየት ልማድ የባሕር ፍጥረታትን ለሚመረምር ሰው የዕለት ሥራው ነው። ሐንሰን ከአማቱ የወረሰው ዓይን፣ የአማቱን ሐሳብ ለመሻር የረዳው ይመስለኛል።

ሌላው የባሕር ክር ከሜሲና፣ ከሲሲሊ ደሴት ይጀምራል። ኢሊያ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 ገላው እንደ መስታወት ጥርት ባለ የባሕር ኮከብ ዕጭ ውስጥ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበውት አገኛቸው። አካል ባዕድ ነገርን የሚውጡ የራሱ ጠባቂ ሕዋሳት አሉት የሚለው ትምህርት የተነሣው ከዚህ ነው፤ ሜችኒኮፍም በ1908 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተካፈለበት። በሥጋ ደዌ ላይ ግን ይህ ትምህርት ከባድ ጥያቄ ገጠመው። ባክቴሪያውን ሊያጠፉት የሚገባቸው እነዚያው ዋጭ ሕዋሳት በአንዳንዱ ሕመምተኛ ውስጥ መኖሪያው ይሆናሉ። በሌላው ሕመምተኛ ደግሞ ባክቴሪያው ፈልጎ እስከማይገኝ ድረስ ይጠፋል። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? ዘነበወርቅ ከዓለም ሳይንስ ጋር የተገናኘው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አለርት በ1958 ዓ.ም. በዚያው በልዕልቲቱ ስም በተሰየመው ሆስፒታል ላይ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1970 የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች፣ ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን፣ ከጎኑ የምርምር ተቋሙን ከፍተው የሐንሰንን ስም ሰጡት።

ሥራው ከምን ይነሣ እንደነበር በቅርብ ማየት ይበጃል። የሕመምተኛው የጆሮ ጫፍ ደሙ እስኪሸሽ በሁለት ጣት ተጨምቆ ይያዛል፤ በምላጭ ጥቂት ይሰነጠቅና ከውስጡ ፈሳሹ ተፍቆ በመስታወት ላይ ይቀባል። በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሰማያዊው ሜዳ ላይ ቀያይ በትሮች ይወጣሉ፤ በሽታው በተስፋፋበት ሰው ላይ እንደ ጭራሮ እስር ተደራርበው ነው የሚታዩት። ከዚያው ሰው ክንድ ደም ይቀዳል፤ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ተለይተው ከባክቴሪያው ጋር ሲገናኙ ይነቁ እንደሆነ ይፈተናል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የተቋሙ ተመራማሪ ቶሬ ጎዳልና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ ያገኙት ግልጽ ነበር፦ ባክቴሪያው በሞላበት ሕመምተኛ ውስጥ ሕዋሳቱ ለዚያ ባክቴሪያ መልስ አይሰጡም፤ ባክቴሪያው ጥቂት በሆነበት ግን በኃይል ይነሣሉ። ይበልጥ የሚያስደንቀው በ1973 (እ.ኤ.አ.) ጎዳልና ባልደረባው ነጋሲ ያሳተሙት ነው። ከሕሙማን ጋር ረጅም ጊዜ ከኖሩና ከሠሩ ጤነኞች ውስጥ የብዙዎቹ ሕዋሳት ባክቴሪያውን ያውቁታል። ባክቴሪያው ገብቶባቸዋል፣ አካላቸውም አሸንፎታል፣ እነሱም ሳያውቁት አልፏል ማለት ነው። የዘር እሳቤውን ለመጣልም፣ የነካኝ ሁሉ ያሳምመኛል የሚለውን ፍርሃት ለማስወገድም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ምሁራኑ ከበርገን፣ ገንዘቡ ከኦስሎና ከስቶክሆልም፣ የሚታተምበት መጽሔት ከለንደን ከሆነ ሰፈሩ ምን አደረገ? ያው ሥራ በሕንድ ወይም በአሜሪካ ሊሠራ አይችልም ነበር? በከፊል ተሠርቷል፤ አልክድም። ነገር ግን የዚህን ጥናት ጠባይ እንመልከት። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ምግብ ላይ አድጎ አያውቅም፤ የሚገኘው ሕይወት ካለው አካል ብቻ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳትም በሕይወት ሳሉ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ መፈተን አለባቸው፤ ስለዚህ ላቦራቶሪው ከሕሙማኑ አልጋ አጠገብ መሆን ነበረበት። ከዚህም በላይ ማን በባክቴሪያው ይሸነፋል፣ ማንስ ያሸንፈዋል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ሕመምተኛው፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ቁስሉን የምታጥብለት ነርስ፣ ሁሉም በአንድ አካባቢ ለዓመታት አብረው ከኖሩ ብቻ ነው። ይህን ያደራጀ ምሁር የለም። ከየቀዬው ተገፍቶ የመጣው ሰው በሆስፒታሉ ዙሪያ ቤት ሠርቶ ስለቀረ የተፈጠረ ነው።

የመድኃኒቱም ታሪክ ያንኑ ያሳያል። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ሥጋ ደዌ በዳፕሶን ሲታከም ኖሯል፤ ርካሽ ነው፣ በአፍ ይወሰዳል፣ ግን ለዓመታት ያለማቋረጥ መወሰድ አለበት። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ከአዲስ አበባ የወጡ ጥናቶች ባክቴሪያው ዳፕሶንን እየተላመደ መሆኑን፣ ይባስ ብሎም መድኃኒቱን ቀምሰው በማያውቁ አዲስ ሕሙማን ላይ የተላመደ ባክቴሪያ መገኘቱን አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 (እ.ኤ.አ.) መድኃኒቶች ተጣምረው እንዲሰጡ የወሰነው እንዲህ ያለው ማስረጃ ከየአገሩ ስለተከማቸ ነው። ይህን ማስረጃ ያስገኘው በየወሩ ለክኒኑ እየተሰለፈ ለዓመታት የቆየ ሕመምተኛ ነው፤ መዝገቡ ባይሞላ፣ እሱም ቢጠፋ፣ የመድኃኒቱ መድከም በጊዜ አይታወቅም ነበር።

ሌላኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። የድሃን ሰው ሥቃይ ለሳይንስ ጥሬ ዕቃ ማድረግ ምን የሚያኮራ ነገር አለው? ይህን የሚል ሰው ከተቋሙ ስም ራሱ ማስረጃ ማምጣት ይችላል። ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ግኝቱን ለማረጋገጥ ብሎ ከአንድ ሕመምተኛ የወሰደውን ነገር ፈቃዷን ሳይጠይቅ በሌላ ታማሚ ሴት ዓይን ውስጥ ከተተ። ሴትዮዋ ዝም አላለችም፤ ጉዳዩ ለበርገን ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ሐንሰንም በ1880 (እ.ኤ.አ.) ከሆስፒታሉ ኃላፊነቱ ተነሣ። በእኔ ግምት ይህ ታሪክ ከግኝቱ እኩል ሊነገር ይገባዋል። የዘነበወርቅ ሥራ ከዚያ ይለያል፤ ደም የተቀዳው ሰው እዚያው ይታከም ነበር፣ ውጤቱም ወደ ሕክምናው ይመለስ ነበር። ያም ሆኖ በጥናቶቹ ገጽ ላይ ሕመምተኛው ቁጥር ብቻ ሆኖ መቅረቱ እውነት ነው። ከሰፈሩ የወጣው ዕውቀት የማን እንደሆነ መናገር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የራሳቸውን አገር አቀፍ ማኅበር መሥርተው ስለ ሥራ፣ ስለ መሬትና ስለ ክብር ራሳቸው መናገር ጀምረዋል።

ቆሻሻውስ? ሆስፒታሉና የቆሻሻ መጣያው ጎረቤት የሆኑት በአጋጣሚ ነው፣ ሁለቱም ከከተማው ውጭ ሰፊ መሬት ስለሚፈልጉ ነው የሚል ይኖራል። ሁለቱን ውሳኔዎች አንድ ሰው አልወሰናቸውም፤ በመካከላቸውም የአንድ ትውልድ ዕድሜ አለ። ነገር ግን ከተማ የማይፈልገውን ነገር የሚያወጣው ቅር የሚለው ሰው አቤት ሊል ወደማይችልበት ወገን ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሕሙማኑ ወደዚያ ተላኩ፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ እነሱ ወዳሉበት ቆሻሻው ተከተለ። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ሁለቱንም ከበባቸው። ከሕሙማኑ ልጆችና ከሌላውም ድሃ መካከል ብረት፣ ፕላስቲክና ጠርሙስ በመንጠቆ እየፈለጉ ለቆራሌው በመሸጥ የኖሩ አሉ፤ በ2009ኙ አደጋ የሞቱትም በተራራው ሥርና አጠገብ ቤታቸውን የሠሩ ሰዎች ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ በዚያው ሥፍራ ቆሻሻን አቃጥሎ ኃይል የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ።

ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ተዛውሮ ዛሬ ሳንባ ነቀርሳን፣ ወባንና ሌሎች በሽታዎችንም ያጠናል፤ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜም ከመርማሪ ላቦራቶሪዎች አንዱ ነበር። ሥጋ ደዌ ግን አልጠፋም፤ በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የባክቴሪያው ሙሉ ዘረመል ሲነበብ ከ1,100 የሚበልጡ ዘረመሎቹ የሞቱ ሆነው ተገኙ፤ ከሰው ሕዋስ ውጭ ለምን መኖር እንደሚያቅተው በከፊል የሚገልጸው ይህ ነው። በሕክምናው በኩል የ1973ቱ ግኝት አሁን በሥራ ላይ እየዋለ ነው። ባክቴሪያው በቤተሰብና በጎረቤት ውስጥ በድብቅ የሚያልፍ ከሆነ ከመታመማቸው በፊት መከላከል ይቻላል ማለት ነው። በባንግላዴሽ ተሠርቶ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሪፋምፒሲን የተባለ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሽታውን በ57 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 (እ.ኤ.አ.) ይህንን መከላከያ መከረ። አስቸጋሪው ነገር መድኃኒቱን ለጎረቤት ለማዳረስ ሕመምተኛው ማን እንደሆነ መግለጽ ሊያስፈልግ መቻሉ ነው። ለዚህም በኢትዮጵያ፣ በሞዛምቢክና በታንዛኒያ የተካሄደ አንድ ጥናት ሁለት መንገዶችን አነጻጽሯል፦ አንደኛው የቤተሰብ አባላትን በጤና ጣቢያ መመርመር፣ ሌላው የመንደሩን ሰው በጠቅላላ ለማንኛውም የቆዳ ሕመም ጠርቶ በአንድ ቀን ማየት። በሁለተኛው መንገድ እከክ ያለበትም፣ ጭርት ያለበትም፣ ምንም የሌለበትም አብረው ስለሚሰለፉ ማን በምን እንደመጣ በሰልፉ ላይ አይለይም።