የውስጥ ማጣቀሻ

«በሰንጠረዥ 7 እንደተመለከተው» የሚል ሐረግ የሌለበት የመመረቂያ ጽሑፍ ማግኘት ይቸግራል። በአንድ ሰነድ ውስጥ አንባቢውን ካንዱ ቦታ ወደ ሌላው የሚመራውን ይህን ዓይነት ጥቆማ የኮምፒውተር ሰዎች ክሮስ ሪፈረንስ ይሉታል። በአማርኛ «የውስጥ ማጣቀሻ» ልበለው። ማጣቀሻ ብቻ ብንለው በጽሑፍ መጨረሻ ከሚደረደሩት ዋቢ መጻሕፍት ጋር ይምታታል፤ «ተሻጋሪ» ብንለው ደግሞ ወደ ሌላ መጽሐፍ የሚወስድ ይመስላል። ሊንክን በቴሌግራም «ማስፈንጠሪያ» ማለት ለምደናል። ማስፈንጠሪያ ሲነኩት ይወስዳል፣ ሥራው በዚያ ያበቃል። የውስጥ ማጣቀሻ ግን ይወስዳል፣ የሚጠቅሰው ነገር ቁጥሩ ሲለወጥም አብሮ መለወጥ ይችላል።

አሰላ ላይ፣ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ ስንዴ ዋግ የሚጽፍ የግብርና ተማሪ እናስብ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ እንዴት እንደጎዳ፣ በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ እንዴት እንዳጠቃ በሰንጠረዦች አስደግፎ ጽፏል። አማካሪው «ከቁሉምሳ የምርምር ማዕከል ያገኘኸውን መረጃ መጀመሪያ ላይ አስገባው» ሲለው አንድ ሰንጠረዥ ከፊት ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ይገፋሉ። ቁጥሮቹን በእጁ ጽፏቸው ከነበረ «ሰንጠረዥ 7» ያለው አሁን ሌላ ሰንጠረዥ ያሳያል፤ አንባቢ የዲገሉን ጉዳት ፈልጎ የኩብሳን ያገኛል። በምርምር ጽሑፍ ይህ የፊደል ግድፈት ብቻ አይደለም፣ ማስረጃውን ከመደምደሚያው ያለያየዋል።

መፍትሔው በማይክሮሶፍት ወርድ ውስጥ አለ። በመጀመሪያ ሰንጠረዡ ርዕሱንና ቁጥሩን ሪፈረንስስ ከሚለው ክፍል፣ ኢንሰርት ካፕሽን በሚለው በኩል ማግኘት አለበት። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ሥራ አለ፦ ወርድ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው መጠሪያ የእንግሊዝኛ ስለሆነ ኒው ሌብል ብሎ «ሰንጠረዥ» የሚለውን ራሱ ይጨምራል። ከዚያ በጽሑፉ መካከል ክሮስ ሪፈረንስን ሲከፍት አዲሱ መጠሪያ ከነዝርዝሩ ይመጣለታል፤ የሚፈልገውን ይመርጣል። ኮንትሮል ይዞ ሲጫነው ወደ ሰንጠረዡ ይሄዳል፤ አልትና የግራ ቀስት ወደነበረበት ይመልሱታል። ይህችን መመለሻ ያላወቀ ሰው ረጅም ሰነድ ሲያነብ በማይፈልጋቸው ገጾች መካከል ይንከራተታል።

አሳቡ ራሱ ከኮምፒውተር እጅግ ይቀድማል። የቂሳርያው አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን አራቱን ወንጌላት በቁጥር ከፋፍሎ፣ አንዱ ታሪክ በሌሎቹ ወንጌላት የት እንደሚገኝ በ10 ሰንጠረዦች አሳይቷል። እነዚህ ሰንጠረዦች በአድዋ አቅራቢያ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም በሚገኙት ጥንታዊ የግዕዝ ወንጌሎች ውስጥ በቀለም አጊጠው ይታያሉ። በእኛ ምድር የሚገኝ፣ በብራና የተጻፈ የማጣቀሻ ሥርዓት ነው፤ ይህን ስናውቅ ነገሩ ከውጭ የመጣ እንግዳ ዘዴ መስሎ አይታየንም።

ወደ ተማሪው ሰነድ እንመለስ፤ ወደ ፒዲኤፍ ስንቀይረው ብዙ ሥራ የሚበላሽበት ቦታ ላይ እንደርሳለን። ሰነዱን «ፕሪንት» በሚለው መንገድ ወደ ፒዲኤፍ ያወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልኩን ብቻ ነው፤ ቁጥሮቹ ይታያሉ፣ ሲነኳቸው ግን የትም አይወስዱም። ሴቭ አዝ ብሎ ፒዲኤፍን ከመረጠ ግን ማስፈንጠሪያዎቹ ይተርፋሉ። በምርጫዎቹ ውስጥ ርዕሶችን ወደ ዕልባት የሚቀይረውን ምልክት ካደረገበት ደግሞ በጎን የሚከፈት ማውጫ ይኖረዋል። በስልክ ለሚያነብ ፈታኝ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከማስረከብ በፊት አንድ ነገር መደረግ አለበት፤ ወርድ በገዛ ፈቃዱ ሁሉንም ቁጥር አያድስምና። ኮንትሮልና ኤ ሰነዱን በሙሉ ይመርጣሉ፣ ኤፍ 9 ያድሰዋል። የተጠቀሰው ሰንጠረዥ ተሰርዞ ከሆነ በቦታው «ኤረር! ሪፈረንስ ሶርስ ኖት ፋውንድ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ስለዚህ ካደሱ በኋላ «ኤረር» የሚለውን ቃል በሰነዱ ውስጥ መፈለግ ይገባል። በግርጌ ማስታወሻ ያሉት ማጣቀሻዎች በዚህ አይታደሱም፤ ጠቋሚውን እዚያው አግብቶ ለብቻቸው መድገም ያስፈልጋል።