ሪል ያላስፈለገው ወንዝ

ከአሶሳ በስተሰሜን ዓባይ፣ በስተምሥራቅ ዳቡስ፣ ወደ መተከል ሲሻገሩም በለስ ይፈስሳሉ። በእነዚህ ወንዞች ዳር አሳ ማጥመድ የቆየ ሥራ ነው፤ ጉሙዞች ከእርሻና ከአደን ጋር አጣምረው ይዘውት ኖረዋል። ክር የሚጠቀለልበትና ሪል የሚባለው መሣሪያ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ይህን የሚያስተውል ሰው ምክንያቱን በድህነት ወይም በኋላ ቀርነት ለመግለጽ ይቸኩላል። ነገሩ ጠለቅ ብሎ ሲታይ ግን የማጥመጃን ዓይነት አስቀድመው የሚወስኑት ውኃው፣ አሳውና የሚጠመድበት ዓላማ ናቸው። ዋጋ የሚመጣው ከእነሱ በኋላ ነው።

ሪል ራሱ በተወለደባቸው አገሮች ምን ሥራ እንደነበረው ማየት ይጠቅማል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ቻይናዊው ሠዓሊ ማ ዩዋን በሣለው ሥዕል ላይ፣ በጀልባ የተቀመጠ አጥማጅ ዘንጉ ላይ ክር መጠቅለያ ይታያል። በእንግሊዝ መሣሪያው በጽሑፍ የተጠቀሰው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በላባና በክር ዝንብ አስመስሎ ማጥመድ ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማል፤ ሮማዊው ኤሊያን የመቄዶንያ አጥማጆች እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ጽፏል። የዝንብ ማጥመጃ ያለ ሪል ብዙ መቶ ዓመት መኖሩ በአጋጣሚ አይደለም። በዚህ ስልት የሚወረወረው ክሩ በራሱ ክብደት ነው፤ ሪሉ ትርፉን ክር ይይዛል፣ ትልቅ አሳ ይዞ ሲሮጥም ክሩን እየገታ ይለቃል። እንግሊዛዊው የሃርዲ ኩባንያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፐርፌክት የተባለውን ውድ ሪል ለገበያ አቀረበ፤ በአሜሪካ ደግሞ የፍሉገር ኩባንያ ሜዳሊስት የተባለው ሪል በኋላ ለመካከለኛ ኪስ የሚመች ሆኖ ተወዳጅነት አገኘ። ቀላሉ ሪል የበቃው ሥራው ራሱ ቀላል ስለነበረ ነው።

አሁን ይህን ስልት ወደ ዓባይ ቆላ እናምጣው። አሳ የሐሰት ዝንብ የሚነክሰው አይቶ ነው፤ ስለዚህ ውኃው መጥራት አለበት። ዓባይ ግን በክረምት የደጋውን አፈር ጠራርጎ የሚወርድ ደፍራሽ ጎርፍ ነው፤ የዓመቱ ውኃ አብዛኛው የሚያልፈውም በእነዚያው ጥቂት ወራት ነው። በድፍርስ ውኃ ውስጥ አምባዛ ምግቡን የሚያገኘው በዋናነት በሽታና በጢሙ በመዳሰስ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ አሳ ሥጋ ወይም ትል የተሰካበት መንጠቆ ከማንኛውም የላባ ዝንብ ይበልጣል። ዓላማውም ይለያል። ለስፖርት የሚያጠምድ ሰው አሳው እንዲታገለው ይፈልጋል፤ ለድስት የሚያጠምድ ግን ቶሎ ከውኃ እንዲወጣለት። በእጅ የሚጎተት ጠንካራ ክር ሁለተኛውን ፍላጎት በሚገባ ያሟላል።

ታዲያ ይህ ሥራ በጽሑፍ ለምን ጎልቶ አልቀረም? ወደ አካባቢው የመጡት ሰዎች ዓይናቸው ሌላ ነገር ላይ ስለነበረ ነው። ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ካዮ እ.ኤ.አ. በ1821 እና 1822 ከግብጽ ጦር ጋር በዓባይ ዳር ወዳለው ፋዞግሊ ሲዘልቅ ዘመቻው ወርቅና ባሪያ ይፈልግ ነበር። ሆላንዳዊው ሁዋን ማሪያ ስኩቨር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ በቤላ ሻንጉል ሲዘዋወር ያልታወቀ መሬት ፍለጋ ላይ ነበር። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ቤላ ሻንጉልን ወደ ምኒልክ መንግሥት ሲያስገቡም የአገሩ ስም ከወርቅ ጋር ተያይዞ ይነሣ ነበር። ወርቅ ግብር ሆኖ ይመዘገባል፤ ተጠብሶ የተበላ አሳ ግን በማንም መዝገብ ላይ አይገባም።

የድህነት ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ገንዘብ ቢኖር ሪሉ ይገዛ ነበር የሚል ሰው ትክክል መሆኑን ለመፈተን ግን ከላይኛው ዓባይ ጥሩ ማስረጃ አለ። በጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በፕሮጀክት ሲገቡ አሳ አስጋሪው ተቀብሏቸዋል፤ ሐይቁ ሰፊ፣ የባሕር ዳር ገበያም ቅርብ ነበርና። የሚጠቅመውን መሣሪያ ያየ አጥማጅ አዲስ ነገር አይሸሽም ማለት ነው። ውጤቱ ግን ሌላ ትምህርት አለው። በወንዞች አፍ ለመራባት የሚሰበሰበው የጣና ነጭ አሳ በመረብ ሲጠረግ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብዛቱ በ75 በመቶ ገደማ መውረዱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ርካሽና ፈጣን መሣሪያ አጥማጁን ሲያበለጽግ አሳውን ሊያደኸይ ይችላል።

የድሮው ዘዴ ሁሉ ንጹሕ ነበር ማለትም አይቻልም። በብዙ የኢትዮጵያ ወንዞች የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ውስጥ ይጨመራል፤ መርዙ ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም። ስለዚህ ባህላዊውን ከዘመናዊው ማወዳደር በራሱ ፍርድ አይሰጥም። የሚበጀው እያንዳንዱን መሣሪያ በአንድ መለኪያ መመዘን ነው፦ የቱን አሳ፣ በምን ወቅት፣ በምን ያህል ብዛት ያነሣል? በዚህ መለኪያ አንድ አሳ በአንድ ጊዜ የሚይዘው መንጠቆ፣ ሪል ኖረውም አልኖረውም፣ ከመረብና ከብርብራ ይሻላል።

ጥያቄው ዛሬ አዲስ መልክ ይዟል። በመተከል ጉባ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የሕዳሴ ግድብ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ውኃ መያዝ ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ንጋት የተባለው የግድቡ ሐይቅ ሲሞላ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። የቆመ ውኃ ደለሉን ያስቀምጣል፤ በመጥራቱም ለዘመናት ለሪልና ለዝንብ ያልተመቸው የዓባይ ቆላ ሊመች ይችላል። ርካሽ ሪል ይዞ የሚመጣ ጎብኚ ለመሪው፣ ለጀልባው ባለቤትና ለማደሪያው ይከፍላል፤ አሳውንም ሊለቀው ይችላል። ይህ ግን ከሐይቁ ሊጠበቅ ከሚችለው ገቢ ትንሹ ነው። ለገበያ የሚሆነውን አሳ የሚያወጣው መረብ ነው፤ የጣና ታሪክ እዚህ እንዳይደገም የሚያስፈራውም እሱ ነው። የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሕግ መሠረቱን ጥሏል። በንጋት የሚቀረው፣ የመረቡን ዓይን ስፋትና የመራቢያውን ወቅት አስጋሪው ከመብዛቱ በፊት መወሰን ነው፤ በጣና ይህ የተፈለገው አሳው ካነሰ በኋላ ነበር።