በሁለት ጎማ ወደ ሰላሌ

የአገራችንን ታሪክ በአብዛኛው የተማርነው ተቀምጠን ነው። ዓመተ ምሕረቱን በቃላችን ይዘን፣ የንጉሡን ስም ከጦርነቱ ስም ጋር አዛምደን ፈተናውን አለፍን፤ ከዚያ ረሳነው። ቦታው የት እንደ ሆነ፣ ዳገቱ ምን ያህል እንደሚያስተነፍስ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ የጠየቀን የለም ማለት ይቻላል። እኛም አልጠየቅንም። በዚህ ጽሑፍ ለማንሣት የፈለግነው ጥያቄ ቀላል ነው፤ አንድን መንገድ በቢስክሌት ብንሄድበት ምን ታሪክ እናገኛለን? ለምሳሌ የመረጥነው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ እንጦጦን ተሻግሮ፣ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከ ጡሪ አድርጎ ደብረ ሊባኖስና ፍቼ የሚያደርሰውን የጎጃም መንገድ ነው። እስከ ገዳሙ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ለምን በቢስክሌት? ነገሩ እንዲህ ነው። አውቶቡስ ይፈጥናል፤ ተሳፋሪውም ያንቀላፋል። በእግር መሄድ ደግሞ ቀናት ይፈጃል። ቢስክሌት በሁለቱ መካከል ናት። ሜዳ ላይ ታስኬዳለች፤ ዳገት ላይ ግን ወርዶ የሚገፋ ተማሪ ከባላገሩ እኩል ይራመዳል፤ ሰላምታ ሳይሰጥ፣ ያለበትን ቦታ ስም ሳይጠይቅ አያልፍም። ቢስክሌቷ ራሷም ታሪክ አላት። ጎማ፣ ካቴና፣ ማርሽ የምንላቸው ቃላት የኢጣልያንኛ ናቸው። ቃሉ ከባዕድ ይምጣ እንጂ ነገሩን የራሳችን አድርገነዋል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን፣ ከሯጮቹ ጋር ቢስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድር 24ኛ ሲወጣ ቡድኑ 9ኛ ሆኗል። ስለ ሯጮቻችን ብዙ ሲባል ስለ እነዚህ ሰዎች ምን ያህሎቻችን ሰምተናል?

የመጀመሪያው ፈተና እንጦጦ ነው። ከተራራው አናት፣ ከመንገዱ በስተ ምሥራቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም አለች። እንጦጦ ከአዲስ አበባ በፊት መናገሻ ነበር። ብርዱ አላስቀምጥ ቢል፣ ማገዶውም ቢያልቅ፣ ቤተ መንግሥቱና ሕዝቡ ፍል ውሃ ወዳለበት ወደ ፊንፊኔ ወረደ። ዛሬ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው ከዚህ የማገዶ ችግር የተነሣ ነው። የማገዶው ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። ከተማይቱን ለብዙ ዘመን ያሞቋት ጎንበስ ብለው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ከዚህ ዳገት የወረዱ እናቶች ናቸው። የዘውዱ ቀን ተጽፏል፤ የእነርሱን ቀን የጻፈ የለም። ቁልቁለቱን በፍሬን ተይዞ የሚወርድ ቢስክሌተኛ የሸክሙን ክብደት በመጠኑም ቢሆን ይገምተዋል።

የእንጦጦ ሸንተረር የውሃ ወሰንም ነው። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ፣ በሰሜን በኩል የወረደው ወደ ዓባይ ይሄዳል። አናቱን ሲያልፉ ነፋሱ ይለወጣል፤ ሱሉልታ ሜዳው ተዘርግቶ ይታያል። ከዚህ ወዲያ ያለው አገር የሰላሌ ኦሮሞ አገር ነው፤ ወተቱ የታወቀ፣ ፈረሱ የተመሰገነ። ቋንቋውን የማያውቅ ተማሪ የቦታዎቹን ስም ብቻ እያነበበ ያልፋል፤ የሚያውቅ ግን ወንዙንና ጥቁሩን አፈር ከስሙ ይሰማዋል። ታሪክ ለመማር የወጣ ሰው አንድ ቋንቋ ብቻ ይዞ መውጣቱ ግማሽ መንገድ መሄድ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ደብረ ሊባኖስ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው ገደል ግርጌ ይገኛል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት ይህ ገዳም መጀመሪያ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ የዛሬውን ስም ያገኘው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። አበምኔቱ እጨጌ እየተባለ ለረጅም ዘመን በቤተ ክርስቲያኒቱ ከጳጳሱ ቀጥሎ የሚታይ ሹም ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት ተቃጥሏል። የዛሬው ቤተ ክርስቲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲሠራ የመስኮቶቹን የመስታወት ሥዕል የሠራው አፈወርቅ ተክሌ ነው።

ከገዳሙ አጠገብ በገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ የሚርመሰመስበት አንድ የድንጋይ ድልድይ አለ። አገሬውም ጎብኚውም “የፖርቱጋል ድልድይ” ይለዋል። ፖርቱጋሎች ግን አልሠሩትም። እነርሱ የመጡት በ16ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ድልድዩ የተሠራው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ሰላሌን ሲገዙ ነው። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ድንጋይ በደንብ ተጠርቦ፣ በኖራ ተያይዞ ባየን ቁጥር “ይህ የፈረንጅ ሥራ መሆን አለበት” የምንለው ለምንድን ነው? ድንጋዩን የጠረበው ሰው ስሙን አልጻፈበትም። ስሙን ካለመጻፉ በላይ የሚከፋው ሥራውን ለሌላ ማስረከባችን ነው።

የመንገዱ ከባድ ታሪክ ከዚህ አጠገብ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በአዲስ አበባ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። በከተማይቱ የወረደውን መዓት ሁላችንም እናውቃለን። ሦስት ወር ቆይቶ ግራዚያኒ ገዳሙ እጁ አለበት ብሎ ጄኔራል ማሌቲን ላከ። ጊዜው በዋዛ የተመረጠ አልነበረም፤ ግንቦት 12 የጻድቁ ፍልሰተ ዐፅም በዓል ነውና መነኮሳቱም ምእመናኑም ተሰብስበው ነበር። በማግሥቱ በካሚዮን እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደተባለ ገለል ያለ ሥፍራ ተወሰዱ፤ እዚያም ተረሸኑ። ላጋ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። ግራዚያኒ ለሮም ያስታወቀው 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች ብሎ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ 129 ዲያቆናት በደብረ ብርሃን በኩል እንገጫ ላይ ተገደሉ፤ ድምሩ 449። ከብዙ ዘመን በኋላ ኢያን ካምቤል የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ከእማኞች ቃል አነጻጽሮ የሟቾቹን ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 አድርሶታል።

ይህን ልዩነት ልብ እንበለው። የመጀመሪያው ቁጥር የገዳዩ ነው። ሁለተኛው የተገኘው ያዩ ሰዎችን ፈልጎ በመጠየቅ ነው። የሰላሌ ገበሬ ያየውን የሚጠይቀው ባያገኝ ኖሮ ዛሬም የምናጠናው የግራዚያኒን ሒሳብ ብቻ ነበር።

ፍቼም ከዚህ አትርቅም። የራስ ዳርጌ፣ በኋላም የራስ ካሣ መቀመጫ ነበረች። ልጅ ኢያሱ ከ1913 ጀምሮ እዚህ ታስረው ቆይተው በ1924 ዓ.ም. አመለጡ፤ ግን ወዲያው ተያዙ። የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ለኢጣልያኖች እጃቸውን ሰጥተው እዚህች ከተማ ውስጥ ተረሸኑ።

እዚህ ላይ ልናልፈው የማንችለው ነገር አለ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከፍቼ አልፎ በገብረ ጉራቻ አካባቢ፣ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች የተሳፈሩበት አውቶቡስ ተይዞ ተማሪዎቹ ታግተዋል። እንደ እኛው ደብተራቸውን ይዘው የሚጓዙ ልጆች ናቸው። ስለዚህ “ተነሡ፣ ቢስክሌታችሁን ይዛችሁ ውጡ” ብለን ዝም ብለን አንጽፍም። የመንገድ ታሪክ ማን ሠራው፣ ማን አለፈበት የሚል ብቻ አይደለም፤ ማን ሳይፈራ ሊያልፍበት ቻለ የሚልም ነው። በዚህ መንገድ ምእመን በእግሩ መጥቷል፣ ነጋዴ በበቅሎ አልፏል፣ ገዳይ በካሚዮን ሄዷል። ተማሪ በሰላም ያለፈበት ዘመንም ነበር።

በበኩላችን የምንለው ይህ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን በቢስክሌት እንሂድበት። እስከዚያው ግን ሥራ አለ። ለዕረፍት አገር ቤት የምትሄዱ ሁሉ፣ በመንደራችሁ ያለውን ድልድይ ማን እንደ ሠራው፣ ወንዙ በማን ቋንቋ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ በ1929 ዓ.ም. እዚያ ምን እንደ ሆነ አባቶችንና እናቶችን ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም በቃላቸው ጻፉት። ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩት አልቀዋል ማለት ይቻላል፤ ከእነርሱ አፍ የሰሙትም እያረጁ ነው።