ቁልፉ በማን እጅ ነው?

አማርኛ ለእስር ቤት ስም አያጣም። ወህኒ አልነው፤ ከርቸሌ አልነው፤ ዓለም በቃኝ አልነው፤ ዛሬ ደግሞ ማረሚያ ቤት እንለዋለን። ስሞቹ እያንዳንዳቸው ዘመን ተሸክመው ነው የመጡት። «ወህኒ» በጎንደር ነገሥታት ጊዜ የንጉሥ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ይጋዙበት የነበረው አምባ ስም ነው። «ከርቸሌ» የጣልያንኛው «ካርቸሬ» በእኛ አፍ ተለውጦ የወጣ ነው። «ዓለም በቃኝ» ትርጉም አያሻውም፤ በሩን ያለፈ ሰው ከዓለም እንደተሰናበተ ይቆጠር ነበር። «ማረሚያ ቤት» ግን ከሦስቱም ይለያል። የቦታ ስም አይደለም፤ የሕዝብ ምሬትም አይደለም። የመንግሥት ቃል ነው፤ እዚህ የገባ ሰው ታርሞ ይወጣል የሚል ቃል።

ታዲያ አራሚው ማን ነው?

ስለ ቤቱ ተጽፏል። ስለ ታሳሪውም ተጽፏል፤ በተለይ የፖለቲካ እስረኞች ያዩትን በትዝታ መጻሕፍት አስቀምጠውልናል። ጠባቂው ግን በታሪኩ ውስጥ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሰው ነው፤ አንድም ይደበድባል፣ አንድም በድብቅ ወረቀት ያቀብላል። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ምን ብለው እንዳስተማሩት፣ አለቃው ምን ይጠብቅበት እንደነበር የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። እኔ ደግሞ የእስር ቤት ታሪክ የሚከፈተው በዚያ ጥያቄ ነው እላለሁ።

በድሮው ሥርዓታችን ጠባቂነት ሙያ አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙና ነገራቸው እስኪያልቅ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ስንል የምናነሳው የዚያን ሰንሰለት ቃል ነው። በቁራኛ ጊዜ ጠባቂው ራሱ ባለጉዳዩ ነበር። ሌላውን ሰው ሲያስር ራሱም ይታሰራል፤ ሰንሰለቱ ሲከብድ ለሁለቱም ይከብዳል። ጭካኔ ያለበት ሥርዓት ነው፣ ማንም አይናፍቀውም። ነገር ግን አንድ ነገር ነበረው፦ የያዘው ሰው የእስርን ክብደት በገዛ እጁ ያውቀዋል።

አምባው ላይ ደግሞ ጠባቂነት የንጉሥ ግዳጅ ነው። ግዳጁም አንድ ነው፦ ማንም እንዳይወርድ። ታሳሪው ተሻሻለ አልተሻሻለ የጠባቂው ጉዳይ አይደለም። ይህ አስተሳሰብ ከተራራው ወደ ከተማ ሲወርድ ብዙም አልተለወጠም። በአዲስ አበባ ዋናው ወህኒ ቤት ሲቆም በሩ ላይ የተቀመጠው መሣሪያ መያዝ የሚያውቅ ሰው ነው። የሚያውቀውም ዘብ መቆም፣ መፈተሽና መቁጠር ነው። ጠዋት ቆጠራ፣ ማታ ቆጠራ። ቁጥሩ ከሞላ ቀኑ ሰላም ውሏል።

ይህንን ሰው ከመውቀሳችን በፊት የቆመበትን ቦታ እንየው። እስረኛ ቢያመልጥ ጠባቂው ይጠየቃል፤ ምናልባት በእስረኛው ቦታ ይገባል። እስረኛው በውስጡ ቢሰበር፣ ቢያብድ፣ ከገባበት ብሶ ቢወጣ ግን ማንም አይጠይቀውም። ሰው የሚማረው ከሚጠየቅበት ነገር ነው። ያ በር ለጠባቂው ያስተማረው ትምህርት ግልጽ ነበር።

የዓለም በቃኝ ግድግዳ የሦስት መንግሥት ታሪክ አይቷል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስቶች የሰበሰቡትን ሰው አጎሩበት። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን ጨምሮ፣ እዚያው ረሸናቸው። በቀይ ሽብር ጊዜ ግቢው በወጣት ተሞላ። የሚገባው ሰው በየዘመኑ ይለያያል፤ ትናንት ያሰረው ዛሬ ይታሰርበታል። በሩ ላይ የቆመው ሰው ሥራ ግን አልተለወጠም፤ የመጣለትን ይቀበላል፣ ይቆጥራል፣ ይቆልፋል። ሕንጻው ፈርሶ እስረኞቹ ወደ ቃሊቲ ሄዱ፤ በቦታው በጥር 2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ተመረቀ። ግድግዳ ይፈርሳል። ልማድ ግን አብሮ ይጓዛል።

ሕጉ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በሐምሌ 1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ዋና አርቃቂው የጄኔቫው ምሁር ዣን ግራቨን የሆኑት፣ ቅጣትን ከበቀል አውጥቶ ወንጀልን ለመከላከልና አጥፊውን ለማስተካከል የሚያገለግል አድርጎ ያየ ነበር። በዚያው ወር የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት ስለ እስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ ደንቦችን አጸደቀ። ደንቦቹ የተዘጋጁት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጄኔቫ ላይ ነው። ከውስጣቸው ጥቂት ሰው የሚያስታውሰው አንድ ቁም ነገር አለ፦ የእስር ቤት ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይሠልጥን፣ በጽሑፍም በተግባርም ይፈተን፣ ሥራ ላይ እያለም ትምህርቱ አይቋረጥ ይላል። ሕግ አርቃቂዎች «እስረኛው ይታረም» ብለው ሲጽፉ፣ ሌሎቹ ደግሞ «አራሚው አስቀድሞ ይማር» ይሉ ነበር። ሁለቱ ሐሳቦች በወረቀት ላይ በአንድ ወር ተገናኙ። በሩ ላይ እስኪገናኙ ግን ረጅም ጊዜ መጠበቅ ነበረበት፤ እኛ አገር ብቻም አይደለም።

አራሚው ሳይማር ሲቀር ምን እንደሚመጣ ከሁሉ በላይ የታየው በሀብታም አገር ነው። በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት አቲካ የሚባል እስር ቤት አለ። በ1963 ዓ.ም. ከሁለት ሺህ በላይ እስረኞች ነበሩበት፤ የሚበዙት ከከተማ የመጡ ጥቁሮችና ፖርቶ ሪኮዎች ናቸው። ጠባቂዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአካባቢው ገጠር የመጡ ነጮች ናቸው። እስረኛው ገላውን የሚታጠበው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ጠባቂው ስለዚያ ከተማ ልጅ የሚያውቀው የለም፤ ያስተማረውም የለም። ጳጉሜን 4 ቀን ግቢው ተነሣ፣ እስረኞቹ ጠባቂዎችን አገቱ። እኛ እዚህ ዘመን ስንለውጥ እነሱ እዚያ ይደራደሩ ነበር። ካቀረቡት ጥያቄ መካከል ምግብ፣ ሕክምና፣ የሃይማኖት ነፃነት አለ። አንዱ ጥያቄ ግን ለየት ይላል፦ ጠባቂዎቹ ስለ እስረኛው ችግር ይማሩ፣ ከቅጣት ይልቅ መረዳትን ይወቁ የሚል ነው። ታሳሪ «ያሳሪዬን አስተምሩልኝ» ብሎ ሲጠይቅ አስቡት።

መስከረም 2 ቀን 1964 ዓ.ም. የመንግሥት ኃይል በጥይት ገባ። 29 እስረኞችና 10 ታጋቾች ሞቱ። ባለሥልጣናቱ ታጋቾቹን እስረኞቹ አረዷቸው ብለው ተናገሩ፤ አስከሬን ሲመረመር ግን የገደላቸው የመንግሥት ጥይት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት የሞቱትን አንድ ጠባቂና ሦስት እስረኞች ስንጨምር ሟቾቹ 43 ናቸው። ጠባቂውን ለማስተማር ያልወጣ ገንዘብ በጠባቂው ሕይወት ጭምር ተከፈለ።

ከሦስት ወር በኋላ ስለ እስር ቤቶች ብሔራዊ ጉባኤ ተጠራ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዋረን በርገር ለፖሊስ አካዳሚ ካለ ለእስር ቤት ሠራተኛም ይኑረው ብለው ሞገቱ። ከዚህ ጉባኤ የተነሣው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1974 በሕግ የጸናውን ብሔራዊ የማረሚያ ተቋም ወለደ። ተቋሙ እስረኛ አይዝም፤ ሥራው የክፍለ ግዛትና የአካባቢ እስር ቤት ሠራተኞችንና አለቆችን ማሠልጠንና ማማከር ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት የአሜሪካ እስረኞች ቁጥር ከ2 ሚሊዮን አለፈ። ትምህርት ቤት መክፈት ብቻውን አልበቃም፤ ለምን ቢባል በር ላይ ያለው ሰው በክፍል የተማረውን የሚጠቀምበት አለቃው ከፈቀደለት ነው። አዲስ ምልምል መጀመሪያ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሲገባ «እዚያ የተማርከውን እርሳው፣ ሥራው እዚህ ነው» የሚል አለቃ ከገጠመው፣ የወራት ሥልጠና በአንድ ሌሊት ታጠበ ማለት ነው። በኖርዌይ አንድ ጠባቂ ደመወዝ እየተከፈለው ሁለት ዓመት ይማራል። የሁለቱ ዓመት ጥቅም ግን የሚታየው ሲመለስ የሚጠብቀው አለቃም በዚያው መንገድ ያደገ ስለሆነ ነው።

ይህን የአለቃ ነገር ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው በአዲስ አበባ አልፏል። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ሠፈር ወታደራዊ ሥልጠና ይወስድ ነበር፤ ካስተማሩት መካከል በኋላ ጄኔራል የሆኑት ታደሰ ብሩ አሉበት። ማንዴላ በትዝታው እንደሚያወሳው፣ እዚያ የተማረው መተኮስ ብቻ አልነበረም። በሥራ ሰዓት ጥብቅ፣ ከሥራ ውጪ ከሰዎቹ ጋር እኩል የሚሆን አዛዥ ምን እንደሚመስልም ተነግሮታል። አገሩ እንደተመለሰ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ፤ የእስር ዘመኑ በጠቅላላው 27 ዓመት ሆነ። ታደሰ ብሩ ደግሞ በንጉሡ ጊዜ ታሰሩ፣ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። አስተማሪውም ተማሪውም የእስርን በር ከውስጥ አዩት። ማንዴላ በእስር ቤቱ ጠባቂዎችን በስማቸው ይጠራ፣ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉም ይገፋፋ ነበር። ፕሬዚዳንት ሲሆን በዓለ ሲመቱ ላይ የቀድሞ ጠባቂዎቹን ጋበዘ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የጄኔቫው ደንብ ታድሶ ሲወጣ «የማንዴላ ደንቦች» ተባለ። የሠራተኛው ሥልጠና በዝርዝር ገባበት፦ ሕግ፣ ኃይል አጠቃቀም፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ የእስረኛውን የአእምሮ ችግር ቶሎ መለየት።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 21 ታሳሪ ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ ዘመዱ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። አዋጅ ቁጥር 365/1995 የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽንን አቋቋመ። በ1999 ዓ.ም. የታራሚ አያያዝ ደንብ ወጣ፤ የጠባቂዎች አስተዳደር ደንብም አብሮ ወጣ። ወረቀቱ አልጎደለም። ሆኖም ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ቂሊንጦ ተቃጠለ፤ መንግሥት ራሱ 23 ሰዎች መሞታቸውን ተናገረ። በ2010 ዓ.ም. ማዕከላዊ ተዘጋ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤት ፊት በእስረኞች ላይ ግፍ መፈጸሙን አመኑ፣ የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ከፍተኛ ኃላፊዎችም ከቦታቸው ተነሡ። በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1174 የቀድሞውን ተካ።

አለቃ ማንሣት ተገቢ ነበር። አለቃ ማንሣትና አለቃ ማሳደግ ግን ሁለት ነገር ናቸው። አንደኛው በአንድ መግለጫ ያልቃል። ሁለተኛው ለዓመታት ተረኛ ሆኖ የሠራን፣ የዞኑን ታራሚ በስም የሚያውቅን፣ ጠብ ሳይነሣ አስቀድሞ የሚያበርድን ሰው እየመረጡ ማስተማርን፣ ከዚያም መሾምን ይጠይቃል። ሹመት በታማኝነት ብቻ በሚሰጥበት ቤት እንዲህ ያለው ሰው ጡረታ እስኪወጣ በር ላይ ይቆማል።

ጉዳዩ ሩቅ የሚመስለው ካለ ስንቅ የሚያመላልሱ እናቶችን ይጠይቅ። በፍተሻው በር ላይ የሚገጥማቸው ሕገ መንግሥቱ አይደለም፤ አንድ የደከመው፣ ደመወዙ የማይበቃው፣ ጠዋት አለቃው የተቆጣው የማረሚያ ፖሊስ ነው። «እማማ፣ ትንሽ ይጠብቁ፣ ይገባል» ካለ ሕጉ ያን ቀን ሠራ። ሳህኑን ገፍቶ ከመለሰ ሕጉ ያን ቀን የለም። ልጃቸው ውስጥ ታረመ ወይስ ከፋ የሚለውም በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያው ሰው ነው።

ማረም የሚለው ቃል ከእርሻም የመጣ ነው። ገበሬ ልጁን አረም ሲያስነቅል መጀመሪያ አጠገቡ ያቆመዋል፤ የቱ ጤፍ፣ የቱ አረም እንደሆነ በጣቱ ያሳየዋል። ያልተማረ እጅ ማሳ ውስጥ ብቻውን አይለቀቅም።