ፈርን

ፈርን አበባም ሆነ ዘር ሳያወጣ በስፖር የሚራባ፣ ነገር ግን እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል ያለው የዕፅዋት ክፍል ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ አመዳደብ 10,578 ዝርያዎችን በ319 ወገኖችና በ48 አስተኔዎች ይቆጥራል። ውሃ የሚያመላልስ ቧንቧ ካላቸው ዕፅዋት መካከል በብዛቱ የሚበልጡት የአበባ ተክሎች ብቻ ናቸው። በኢትዮጵያ ከደጋ ቋጥኝ ስንጥቅ አንስቶ እስከ ደቡብ ምዕራብ የቡና ደን ድረስ ይበቅላል።

ፈርን የሆነና ያልሆነ

በቦሌና በሌሎች የአዲስ አበባ ሠፈሮች የአበባ መሸጫዎች ፈርን የሚባል ሁሉ ፈርን አይደለም። በእቅፍ አበባ መካከል የሚሰካው፣ እንደ ላባ የረቀቀው «አስፓራገስ ፈርን» የሚያብብና ፍሬ የሚያፈራ ተክል ነው። ወገኑም በአማርኛ የሴት ቀስት ከሚባለው ቁጥቋጦ ጋር አንድ ነው። በረንዳ ላይ በማሰሮ የሚንጠለጠለው ኔፍሮሌፒስ ግን እውነተኛ ፈርን ነው።

ለመለየት ሁለት ምልክቶች ይበቃሉ። የፈርን ለጋ ቅጠል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተጠቅልሎ ይወጣና ቀስ በቀስ ይፈታል። የበሰለው ቅጠል ሲገለበጥ ደግሞ በጀርባው ቡናማ ነጥቦች ወይም መስመሮች ይታያሉ፤ እነዚህ የስፖር ከረጢቶች ስብስብ ናቸው። ተባይ መስሏቸው ጠርገው የሚጥሏቸው ሰዎች አሉ።

አራባብ

ከቅጠሉ ጀርባ የተበተነው ስፖር እርጥብ አፈር ላይ ሲያርፍ ወዲያው ፈርን አይሆንም። መጀመሪያ ጋሜቶፋይት የተባለ፣ ብዙ ጊዜ የልብ ቅርጽ ያለውና ከአንድ ሳንቲሜትር የማይበልጥ ስስ አረንጓዴ ተክል ያወጣል። የወንዴና የሴቴ ሕዋሳት የሚፈጠሩት በዚህ ላይ ነው። የወንዴው ሕዋስ ወደ ሴቴው የሚደርሰው በውሃ ውስጥ ዋኝቶ ስለሆነ፣ በደረቅ አገር የሚኖር ፈርን እንኳ በዚህ መንገድ ለመራባት ቢያንስ ጥቂት እርጥብ ቀናት ያስፈልጉታል።

አመዳደብ

የቆዩ የትምህርት መጻሕፍት ፈርንን፣ ኤኪዊሴተምንና ሊኮፖዶችን «ፕቴሪዶፋይት» በሚል አንድ ስም ይጠቀልሏቸዋል። የጋራ ምልክታቸው በስፖር መራባታቸው ነው። የጂን ጥናት ግን ይህን ክፍል ፈርሶታል። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከግንዱ አስቀድመው የተለዩት ሊኮፖዶች ናቸው፤ ኤኪዊሴተም ደግሞ ከፈርኖች ጋር ይመደባል፤ የሁለቱም የቅርብ ዘመዶች የዘር ተክሎች ናቸው። ስለዚህ ፈርን ከሊኮፖድ ይልቅ ለጽድና ለጤፍ ይቀርባል። በስሟ አቢሲኒካ የሚል ቃል የያዘችው ሴላጂኔላ አቢሲኒካ መልኳ ፈርን ቢያስመስላትም ከሊኮፖዶች ወገን ናት።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋትን በዝርዝር የሚያቀርበው ባለ ስምንት ቅጽ ሥራ ፈርኖችንና ሊኮፖዶችን በቅጽ 1 አስቀምጧል። የመጀመሪያው የታተመ ቅጽ (ቅጽ 3) የወጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ሲሆን ቅጽ 1 የታተመው ከ20 ዓመት በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። በተራ ቁጥር ፊተኛ የሆኑት ፈርኖች አንባቢ ዘንድ የደረሱት ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው።

ዝግመተ ለውጥ

ፈርን ብዙ ጊዜ «ጥንታዊ ተክል» ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። የፈርን ቅሪተ አካላት ከ350 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ ዝርያዎች ግን ከአበባ ተክሎች መስፋፋት በኋላ የበዙ ናቸው። ትልልቅ ያበቡ ዛፎች ደኑን ሲያጨልሙት ከሥራቸውና ከግንዳቸው ላይ አዲስ መኖሪያ ተፈጠረ። ከፈርን ዝርያዎች አራት አምስተኛ ያህሉን የያዘው ፖሊፖዲያሌስ የተባለው ክፍለ መደብ የተስፋፋው በዚህ ጥላ ሥር ነው። ለዚህ ሳይረዳ ያልቀረ አንድ አስገራሚ ነገር አለ፤ ደካማ ብርሃንን ለመለየት የሚያስችለው ኒዮክሮም የተባለ ጂን ከሩቅ ዘመድ፣ ሆርንዎርት ከሚባሉ ትንንሽ ዕፅዋት፣ ወደ ፈርኖች እንደተሻገረ በ2014 እ.ኤ.አ. ተገልጿል።

ሌላው የፈርን ጠባይ ከጥፋት በኋላ ቀድሞ መድረስ ነው። ዳይኖሰሮች ካለቁበት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከነበረው አደጋ ማግሥት በተቀመጡ ደለሎች ውስጥ በብዙ ቦታ የፈርን ስፖር በድንገት ይበዛል። የኢትዮጵያ ምስክር ከጎንደር በስተምዕራብ ያለው ጭልጋ ነው። በዚያ፣ ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው የእሳተ ገሞራ ንጣፍ ውስጥ፣ አክሮስቲከም የተባለ ፈርን ቅሪት ተገኝቶ ጥናቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የዛሬዎቹ የዚህ ወገን ዝርያዎች ይበልጥ የሚታወቁት በሞቃት አገሮች ጠረፍ፣ በጨዋማ ረግረግ ነው። የጭልጋ ደለል ግን የወንዝና የረግረግ እንጂ የባሕር አይደለም።

በኢትዮጵያ

የደጋው ነዋሪ ሳያውቀው ዘወትር የሚያልፈው ኪላንቴስ ፋሪኖሳ በድንጋይ ስንጥቅ የሚበቅል፣ የቅጠሉ ጀርባ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ፈርን ነው። በባህላዊ ሕክምናም ይታወቃል። ትንሽ ማራገቢያ የሚመስለው አክቲኒዮፕተሪስ በበጋ ደርቆና ተኮማትሮ ይቆይና ዝናብ ሲያገኝ ይዘረጋል። ድሪናሪያ ቮልከንሲ በትልልቅ ዛፎች ላይ ይቀመጣል፤ ሁለት ዓይነት ቅጠል ሲኖረው አንደኛው የረገፈ ቅጠል እየሰበሰበ የራሱን አፈር ያዘጋጃል። በከፋና በአካባቢው ደኖች፣ በጅረት ዳር፣ ዛፍ የሚያህለው ሲያቲያ ማኒያና ይቆማል።

ጥላና እርጥበት የለመዱት ዝርያዎች ደኑ ሲመነጠር አብረው ይጠፋሉ። በምትካቸው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌላ ፈርን፣ ፕቴሪዲየም፣ ነው። ግንዱ ከመሬት በታች ስለሚሄድ ቃጠሎ አይገድለውም፤ ከእሳት በኋላ ቀድሞ ይበቅልና የዛፍ ችግኝ እንዳይነሣ መሬቱን ይሸፍናል። ፕታኩዊሎሳይድ የተባለ መርዝ ስላለው አዘውትረው የሚግጡት ከብቶች ደም የቀላቀለ ሽንትና የፊኛ ዕጢ ይይዛቸዋል።