የእንፋሎት ማሞቂያና የአየር መውጫው፦ ስለ ተዘነጋ ሙያ አጭር ታሪክ

ስለ እንፋሎት ኃይል የተጻፉ መጻሕፍት ስለ ቦይለሩ፣ ስለ ፒስተኑና ስለ እሳቱ ብዙ ይላሉ። ከቧንቧ ውስጥ አየር ስለምታስወጣው አውራ ጣት የምታህል የናስ ዕቃ ግን የሚናገሩት እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ዛሬም በእንፋሎት በሚሞቁት አሮጌ ቤቶች ውስጥ አንዱ ክፍል እንደ ምድጃ ሲግል የሌላው ክፍል ነዋሪ ካፖርቱን ደርቦ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ዕቃ ጉድለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአየር መውጫው ጉዳይ ከየት ተነሥቶ እንዴት እንደ ተዘነጋ በአጭሩ ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የእንፋሎትን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ውሃ ፈልቶ በተለመደው የከባቢ አየር ግፊት ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,600 ሊትር ከሚበልጥ ቦታ ይሞላል። አንድ ኪሎ ግራም እንፋሎት ተመልሶ ውሃ ሲሆንም 2,257 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይለቃል፤ ይኸውም ያንኑ ውሃ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። እንፋሎት ያለ ምንም ፓምፕ በራሱ ኃይል ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ሊጓዝ የሚችለው በእነዚህ ሁለት ጠባዮች ምክንያት ነው። ነገር ግን ቦይለሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ቧንቧውና ራዲያተሩ ባዶ አይደሉም፤ በአየር የተሞሉ ናቸው። አየሩ ካልወጣ እንፋሎቱ የሚገባበት ስፍራ አያገኝም።

ይህ ችግር ከእንፋሎት ሞተር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ቶማስ ኒውኮመን በ1712 በእንግሊዝ አገር የተከለው ሞተር የሚሠራው በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን እንፋሎት በቀዝቃዛ ውሃ ወደ ውሃነት በመመለስ ነበር። ከውሃው ጋር የሚገባው አየር ግን እንደ እንፋሎቱ ውሃ ስለማይሆን በሲሊንደሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ሞተሩን ያቆመዋል። ስለዚህ አየሩን የሚያስተነፍስ አንድ ትንሽ ክዳን ተበጀለት። ጀምስ ዋትም በ1769 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ሞተር ላይ እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ ከሲሊንደሩ ሲለይ፣ ከእርሱ ጋር አየርና ውሃ የሚስብ ፓምፕ ማያያዝ ግድ ሆኖበታል። እንግዲህ አየር የእንፋሎት ባላንጣ መሆኑን የቀድሞ ጠበብት ከመነሻው አውቀውት ነበር።

ዋት ከ1784 እስከ 1785 ባለው የብርድ ወራት የራሱን የሥራ ክፍል በእንፋሎት ለማሞቅ ሞክሯል። ቶማስ ትሬድጎልድ በ1824 ሕንፃዎችን ስለማሞቅና ንጹሕ አየር ስለማስገባት ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ሙከራውን ወደ ተመዘነና ወደ ተሰላ ሙያ አሸጋገረው። በአሜሪካ ስቲቨን ጎልድ በ1854 ለመኖሪያ ቤት የሚሆን የእንፋሎት ማሞቂያ የባለቤትነት መብት አገኘ። ጆሴፍ ኔሰን በ1860ዎቹ፣ ኔልሰን ቡንዲም በ1870ዎቹ ራዲያተሩን እያሻሻሉ ለብዙ ሰው እንዲዳረስ አደረጉ። በ1894 የአሜሪካ የማሞቂያና የአየር ማናፈሻ መሐንዲሶች ማኅበር በኒውዮርክ ሲቋቋም የእንፋሎት ማሞቂያ የከተማ ነዋሪ የዘወትር መገልገያ ሆኖ ነበር።

በመኖሪያ ቤቶች ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ባለ አንድ ቧንቧ የሚባለው ዓይነት ነው። በዚህ አሠራር እንፋሎቱ ወደ ራዲያተሩ በወጣበት ቧንቧ ውሃው ተመልሶ ይወርዳል። አየሩ ግን በዚያው መንገድ ሊመለስ ስለማይችል በየራዲያተሩ ጎን የራሱ መውጫ ይደረግለታል። በመጀመሪያ ጊዜ መውጫውን በእጁ የሚከፍተውና የሚዘጋው የቤቱ ሰው ነበር፤ በኋላ ራሱን የሚቈጣጠር መውጫ ተፈለሰፈ። በብዙዎቹ መውጫዎች ውስጥ የአልኮልና የውሃ ድብልቅ የያዘ ትንሽ ተንሳፋፊ ዕቃ አለ። ቀዝቃዛ አየር ሲያልፍ ቀዳዳው ክፍት ይሆናል፤ ትኵሱ እንፋሎት ሲደርስ ድብልቁ ይፈላና ተንሳፋፊውን አስፋፍቶ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ከእነዚህ ሌላ በምድር ቤት በሚዘረጋው ዋናው ቧንቧ ጫፍ ላይ ከፍ ያለ መጠን ያለው ዋና የአየር መውጫ ይተከላል። የጽሑፋችን ፍሬ ነገር በዚህ በዋናው መውጫ ላይ ያርፋል።

ውስጡ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ርዝመት ያለው ዋና ቧንቧ ወደ 30 ሊትር የሚጠጋ አየር ይይዛል። ዋናው መውጫ ካለ አየሩ በአንድ ጊዜ ይወጣና እንፋሎቱ ቧንቧውን ከዳር እስከ ዳር ከሞላ በኋላ ወደ ሁሉም ራዲያተሮች በተቀራራቢ ጊዜ ይደርሳል። ዋናው መውጫ ከሌለ ወይም ከዛገ ግን ያ ሁሉ አየር በራዲያተሮቹ ጠባብ ቀዳዳዎች እየተንፏቀቀ መውጣት አለበት። ለቦይለሩ ቅርብ የሆኑት ክፍሎች ቀድመው ይግላሉ፤ ቴርሞስታቱ በእነርሱ ዘንድ ከሆነ ሙቀቱ በቃ ብሎ እሳቱን ያጠፋል፤ በሩቁ ክፍል የሚኖረውም እንደ በረደው ይቀራል።

የቀድሞ ሙያተኞች ይህን ጠንቅቀው እያወቁ ዕውቀቱ እንዴት ጠፋ? ሁለት ታሪካዊ ምክንያቶችን መጥቀስ ይቻላል። የመጀመሪያው የነዳጅ መለወጥ ነው። የድንጋይ ከሰል እሳት አንድ ጊዜ ከተያያዘ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ይነድ ስለ ነበር አየሩ ከቧንቧው የሚወጣው አልፎ አልፎ ነበር። አንዳንዶቹ መውጫዎችም አየሩን አስወጥተው ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክሉ ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ከሰሉ በነዳጅ ዘይትና በጋዝ ሲተካ እሳቱ በቀን ብዙ ጊዜ የሚጠፋና የሚነሣ ሆነ። በጠፋ ቁጥር አየር ወደ ቧንቧው ይመለሳል፤ በተነሣ ቁጥርም እንደገና መውጣት አለበት። የመውጫዎቹ ሥራ በብዙ እጥፍ ሲጨምር የብዙ ቤቶች መውጫ ግን ለከሰል ዘመን እንደ ተለካ ቀረ።

ሁለተኛው ምክንያት በሽታ ያመጣው ነው። በአገራችን የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወቀው የ1918 ወረርሽኝ ዓለምን ባጠቃ ጊዜ፣ ቀድሞም ስለ ንጹሕ አየር ሲሰብኩ የነበሩ የጤና ባለሙያዎች ቃላቸው ይበልጥ ተሰማ። መሐንዲሶችም በብርድ ወራት መስኮት ተከፍቶ ቢዋል እንኳ ቤቱን የሚያሞቁ ትልልቅ ቦይለሮችና ራዲያተሮች ተከሉ። ዘመኑ አልፎ መስኮቶቹ ሲዘጉ ያ ሁሉ ብረት ከሚያስፈልገው በላይ ሆነ። ይሁንና የተተከለበትን ምክንያት የሚያውቀው ትውልድ እያለፈ ስለ ሄደ፣ ብዙ ተከራዮች በጥር ብርድ መስኮታቸውን ሲከፍቱ የሚያይ ሁሉ ጥፋቱን በነዋሪው ላይ አደረገው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አዳዲስ ቤቶች ወደ ሙቅ ውሃና ወደ ሙቅ አየር ማሞቂያ ሲዞሩ ወጣት ሙያተኞች እንፋሎትን መማር ተዉ። ክፍል ቀዘቀዘ የሚል አቤቱታ ሲቀርብ መፍትሔ ተብሎ የሚወሰደው የቦይለሩን ግፊት ከፍ ማድረግ ሆነ። ይህ ግን ነዳጅ ያባክናል እንጂ የሚፈለገውን ያህል አይረዳም። በቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ አየር መጠን የሚያድገው በግፊቱ ዳግም ዘር ልክ ስለ ሆነ፣ ግፊቱ እጥፍ ቢሆን አየሩ የሚጨምረው በ1.4 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። የመውጫው ስፋት እጥፍ ቢሆን ግን የሚወጣው አየር በዚያው ልክ እጥፍ ይሆናል። ለመኖሪያ ቤት የሚበቃው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት በላይ ከ14 ኪሎ ፓስካል የማይበልጥ ነው፤ በሚገባ የተስተካከለ ቤት ከዚህም በጣም ባነሰ ይሞቃል።

ዳን ሆሎሃን የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ የጥንቱን መጻሕፍትና የአረጋውያን ሙያተኞችን ልምድ አሰባስቦ፣ በ1992 ስለ ጠፋው የእንፋሎት ማሞቂያ ጥበብ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ይህ ዕውቀት እንደገና ወደ ሙያው ተመለሰ። የተመለሰው ሥርዓትም ቀላል ነው፤ መጀመሪያ የዋናው ቧንቧ አየር ቶሎ እንዲወጣ ማድረግ፣ ቀጥሎ የየራዲያተሩን መውጫ እንደ ክፍሉ መጠንና ርቀት መመደብ፣ ግፊቱን ዝቅ ማድረግ፣ የተራቆተውንም ቧንቧ በሙቀት መከላከያ መሸፈን ነው። ቀዳዳው ሰፊ ነው ተብሎ የራዲያተሩ መውጫ ከልክ በላይ ቢከፈት ደግሞ እንፋሎቱ በፍጥነት ገብቶ የሚመለሰውን ውሃ ያግደዋል፤ ቧንቧውም ይንኳኳል። ስለዚህ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የጥንት ነገር ብቻ ሆኖ አልቀረም። በኒውዮርክ ከተማ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ የውጪው ብርድ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ አከራዮች በቀን ቤቱን ቢያንስ 20 ዲግሪ ማድረግ በሕግ ይገደዳሉ። በ2019 የወጣውና ከ2024 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ደግሞ በትልልቅ ሕንፃዎች የጋዝ ልቀት ላይ ገደብ ጥሏል። የሩቁን ክፍል ለማሞቅ የቅርቡን ማቃጠል ለተከራዩ ምቾትን የሚነሳ፣ ለአከራዩም ዕዳ የሚያመጣ ነው።

በአገራችን ቤቶችን በእንፋሎት ማሞቅ የተለመደ ባይሆንም ሕጉ በሆስፒታሎቻችን ውስጥ ይሠራል። የሕክምና መሣሪያ በእንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭ አየሩ ካልወጣለት ግፊቱ በመለኪያው ላይ የተሟላ መስሎ ሲታይ በውስጡ የተቀመጠው ዕቃ ግን ከጀርም ሳይጸዳ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቻችን አንድን መሣሪያ ተክለው ሲያስረክቡ፣ ከንድፉ ጋር እያንዳንዱ ትንሽ ክፍል ለምን እንደ ተደረገ ጽፈው ማኖር ይገባቸዋል። በእንፋሎት ቤቶቹ ላይ የደረሰው ይህ ነውና፤ ቧንቧው መቶ ዓመት ሲቆይ ምክንያቱን የሚያስረዳ ወረቀት ከማኅደሩ ስለ ታጣ፣ ተከታዩ ትውልድ ዋናውን የአየር መውጫ የማያስፈልግ ዕቃ መስሎት በቡሽ ደፈነው።