ሁለቱ ስልሳ ስምንቶች

በኦሊምፒክ ታሪክ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሁለት ስልሳ ስምንቶች አሉ። አንደኛው የፈረንጆቹ 1968፣ በእኛ አቈጣጠር በጥቅምት 1961 ዓ.ም. የተካሄደው የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ነው። ሁለተኛው የራሳችን 1968 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ሳትሰለፍ የቀረችበት የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ነው። በሁለቱም ስፖርተኞች የዘር ልዩነትን በመቃወም ዋጋ ከፍለዋል፤ በአንደኛው መዝሙር እየተዘመረ፣ በሁለተኛው መዝሙሩ ጨርሶ ሳይዘመር።

ጉዳዩ ለጅማ፣ ለአጋሮና ለመሰሎቻቸው የቡና ከተሞች ባዕድ አልነበረም። በፋሺስት ወረራ ዘመን ጅማ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መናገሻ ስትሆን፣ የከተማዋ ፕላን የነጩንና የአገሬውን ሰፈር ለይቶ የተነደፈ ነበር። በእኛ ሙያ ፕላን ላይ የሚሰመረው መስመር የውሃ መውረጃን ወይም የመንገድን ዳር ያመለክታል፤ ያ መስመር ግን የሚለየው የቆዳን ቀለም ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1945 ዓ.ም. የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ መምህራኑን በውል ያቀረበው የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ነበር። ይህ ኮሌጅ የመጀመሪያዋን ጥቁር ተማሪ የተቀበለው ገና በ1941 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኦክላሆማ ሕግም ጥቁርና ነጭ ሕፃናት በአንድ ክፍል እንዳይማሩ ያግድ ነበር። መምህራኑ ለአገራችን እርሻ የሠሩት በጎ ሥራ አይካድም። ነገር ግን የጅማ ወጣት ከኦክላሆማ መምህር ፊት ሲቀመጥ፣ የኦክላሆማ ጥቁር ሕፃን ከነጭ ጎረቤቱ አጠገብ አይቀመጥም ነበር።

ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ሜክሲኮ ላይ የተቃወሙት ይህንኑ በደል ነው። ጥቅምት 6 ቀን 1961 ዓ.ም. ስሚዝ በ200 ሜትር ሩጫ በ19.83 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ አንደኛ፣ ካርሎስ ሦስተኛ ወጡ። የአገራቸው መዝሙር ሲሰማ ራሳቸውን ደፍተው፣ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ ጡጫቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። የወገኖቻቸውን ድህነት ለማሳየትም ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ቆሙ። (የእኛው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸው ብቻ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታቱ አሉ።) ወዲያውም ከኦሊምፒክ መንደር ተባረሩ።

ብዙዎች የማያስታውሱት፣ ሁለቱ ከተሳተፉበት እንቅስቃሴ ጥያቄዎች አንዱ ደቡብ አፍሪካና ሮዴሽያ ከውድድሩ እንዲታገዱ የሚል መሆኑን ነው። በየካቲት 1960 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ደቡብ አፍሪካ እንድትሳተፍ ሲፈቅድ፣ አንሄድም ብለው ቀድመው ካስታወቁት አገሮች መካከል ኢትዮጵያና አልጄሪያ ነበሩ። ሌሎችም ተከተሉ፤ ኮሚቴው በሚያዝያ ውሳኔውን ሻረ። ማሞ ወልዴ ጥቅምት 10 ቀን በማራቶን ወርቅ አግኝቶ የኢትዮጵያን መዝሙር ያሰማው ያ እምቢታ ፍሬ ስላፈራ ነው።

ሁለተኛው ስልሳ ስምንት መራራ ነው። ሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም. በሶዌቶ ተማሪዎች ላይ ጥይት ሲዘንብ፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በዚያው ሰኔ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዘለቀ። ኒውዚላንድ ትታገድ ለሚለው የአፍሪካውያን ጥያቄ የተሰጠው መልስ፣ ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም የሚል ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሃያ በላይ አገሮች ጥለው ወጡ። ኒውዚላንድ ግን ተወዳደረች፤ በ1500 ሜትርም ወርቅ ወሰደች። በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር ከውድድሩ ውጭ ሆኖ፣ ሁለቱን ረጃጅም ሩጫዎች ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን አሸነፈ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ መዝሙራችንም በኦሊምፒክ ሜዳ ለመሰማት እስከ ሐምሌ 1972 ዓ.ም.፣ እስከ ምሩጽ የሞስኮ ድሎች ድረስ ጠበቀ።

በእኔ ግምት ውሳኔው ትክክል ነበር፤ በዓመቱ የኮመንዌልዝ አገሮች ከአፓርታይድ ስፖርት ለመራቅ በግሌንኢግልስ መስማማታቸውም አንዱ ፍሬው ነው። ልዩነቱ ግን ይታወቅ፦ ስሚዝ ዋጋውን የከፈለው ራሱ ወስኖ ነው፤ ለምሩጽ የወሰነለት መንግሥት ነው።

በራሱ ውሳኔ የተቃወመ ኢትዮጵያዊ ሯጭ የታየው በሪዮ ነው፤ ተቃውሞውም ያነጣጠረው በገዛ አገሩ መንግሥት ላይ ነበር። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ ማራቶኑን ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ፣ በኦሮሚያ ሰልፈኞች ላይ የተፈጸመውን ግድያ በመቃወም እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ አነሣ። ወርቁ የኤሊዩድ ኪፕቾጌ ስለነበር የተዘመረው የኬንያ መዝሙር ነው። ፈይሳ ወደ አገሩ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው።